ባለ ዶቃው እና ባለ ነጠብጣቡ

በፓሪስ የጌጣጌጥ ጥበባት ሙዚየም ውስጥ ሆዷ ነፋ፣ ወገቧ ሰበር ያለ፣ ከሩቅ ላያት የሴት ገላ የምትመስል አንዲት ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥን አለች። አንድሬ ግሩ የተባለ የቤት ዕቃ ነዳፊ እ.ኤ.አ. በ1925 ፓሪስ ላይ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ የሠራት ናት (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ማሆጋኒ እንጨቷ ከውጭ አይታይም። ከአናቷ እስከ እግሯ በቆዳ ተለብጣለች፤ ቆዳው ግን የበሬም የፍየልም አይደለም። ቀረብ ብሎ ያስተዋለ ሰው ጥቃቅን ነጫጭ ክቦች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ በመካከላቸው ስስ መስመር ብቻ ትተው ተደርድረው ያያል። ትዕግሥተኛ ባለ እጅ አንድ በአንድ የለጠፋቸው ዶቃዎች ይመስላሉ። ማንም አልለጠፋቸውም። ዓሣ ከጀርባው ያበቀላቸው ናቸው።

ዓሣው ስቲንግሬይ ነው። ላላየው ሰው ሰፌድ ላይ አለንጋ እንደተቀጠለበት አድርጎ ማሰብ ይበቃል። ሰፌዱ ከራሱ ጋር የተጋጠሙት ሁለት ሰፋፊ የደረት ክንፎቹ ናቸው፤ አለንጋው ደግሞ ጅራቱ ነው፤ በጅራቱ ላይ መጋዝ ጥርስ ያለው መርዛማ እሾህ ተተክሏል። ዓይኖቹ ከላይ፣ አፉና የመተንፈሻ ስንጥቆቹ ተራ ከታች ናቸው። አሸዋ ለብሶ ሲተኛ አፉ ስለሚቀበር፣ ከዓይኖቹ ኋላ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ውኃ እየሳበ ይተነፍሳል። ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያየው ጠላት ከባሕሩ ወለል ሊለየው ይቸገራል፤ ከታች ሆኖ ለሚያየው ደግሞ ከሰማዩ ብርሃን ጋር ይመሳሰላል።

አጥንት የሚባል ነገር በሰውነቱ የለም፤ እንደ ዘመዱ እንደ ሻርክ በልም አጥንት የተዋቀረ ነው። ቅርፊትም የለውም፤ ቢያንስ የጣናን ቆሮሶ ሲያጸዳ ያደገ ሰው በሚያውቀው ዓይነት። በቅርፊቱ ፋንታ በብዙዎቹ ዝርያዎች ቆዳ ላይ የሚበቅለው ጥርስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እያንዳንዷ ፍሬ እንደ ሰው ጥርስ ውስጧ ለስላሳ፣ ዙሪያዋ ዴንቲን፣ ላይዋ ጠንካራ ልባስ አላት። ፍሬዎቹ በጎንና በጎን ደቃቅ ናቸው፤ ወደ ጀርባው መሐል ሲጠጉ እየተለቁ ይሄዳሉ፤ እምብርቱ ላይ ጥቂቶች እንደ ዕንቍ ጎላ ብለው ይታያሉ።

ሁሉም ስቲንግሬይ ግን እንዲህ አይደለም። በቀይ ባሕር ብቻ እንኳ ሁለት ተቃራኒ ጎረቤታሞች አሉ። አንደኛው በሳይንስ ስሙ ሴፌን ይባላል፦ ትልቅ፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ከጅራቱ ሥር እንደ ባንዲራ የሚውለበለብ የቆዳ እጥፋት ያለው፣ ቀለሙ ግን ጭቃ ቡናማ ሆኖ ዓይን የማይስብ። ሁለተኛው ሊማ ነው፦ ስፋቱ ከ35 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ትንሽ ዓሣ። ቢጫና ቡናማ በተቀላቀለበት ጀርባው ላይ የሚያበራ ሰማያዊ ነጠብጣብ ተዘርቶበታል፤ በጅራቱ ግራና ቀኝም ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ይወርዳሉ። ውኃ ውስጥ ለሚያያቸው ሰው ውድድር የለም፤ ውበቱ ሁሉ የሊማ ነው። የሺህ ዓመቱ ንግድ ግን ሊማን ዘወር ብሎ አላየውም። ቆዳው ልሙጥ ነዋ። ነጋዴ የፈለገው ያን ጭቃ መሳዩን፣ ባለ ዶቃውን ነው።

ከዚህ ንግድ ጥንታዊ ምስክሮች አንዱ ጃፓን ውስጥ ይገኛል። በናራ ከተማ ሾሶይን በሚባለው የእንጨት ግምጃ ቤት፣ በ756 ንጉሠ ነገሥት ሾሙ ሲሞቱ ባለቤታቸው ለቤተ መቅደስ ያበረከቷቸው ዕቃዎች እስካሁን ተጠብቀዋል። ከዚያ ግምጃ ቤት ሀብት መካከል እጀታው በዚህ ነጭ ባለ ዶቃ ቆዳ የተሸፈነ፣ በወርቅና በብር ያጌጠ ሰይፍ አለ። ጃፓኖች ቆዳውን ሳመጋዋ ይሉታል፤ ሲፈታ «የሻርክ ቆዳ» ነው። ዓሣው በአገራቸው ባሕር የሚዘወተር ስላልሆነ ብዙዎቹ በሕይወት አላዩትም፤ የደረሳቸው ደርቆ የተጠቀለለ ቆዳው ነው። ስሙ መሳቱ አያስደንቅም።

ለሰይፍ የተመረጠበት ምክንያት በመጀመሪያ ጌጥ አልነበረም። የውጊያ እጅ ያልበዋል፤ ደምም ይነካዋል። እንጨት ያሟልጫል፤ ተራ ቆዳ ውኃ ሲጠጣ ይላላል። የስቲንግሬይ ዶቃ ግን እርጥበት አያሸንፈውም። ባለ ሙያው እርጥቡን ቆዳ በእንጨት እጀታው ላይ ጠቅልሎ ያደርቀዋል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት ይጨብጠዋል። ከዚያ በላዩ የሐር ገመድ እየተሻገረ ይጠመጠምበታል፤ በገመዱ መሐል የሚቀሩት ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ነጩን ዶቃ ያሳያሉ።

ማሳየቱ ቀስ በቀስ ከመጨበጡ በለጠ። ከጀርባው መሐል ያሉት ትልልቅ ፍሬዎች «ወላጆቹ» ተባሉ፤ ጥሩ ሠራተኛም ወላጆቹ ከእጀታው ጫፍ አጠገብ፣ ከፊት በኩል እንዲውሉ አድርጎ ይጠቀልላል። እንዲህ ለማድረግ አንድ ሙሉ፣ እንከን የሌለው ትልቅ ቆዳ ያስፈልጋል፤ አቅም ያለው ይገዛዋል። አቅም የሌለው ሳሙራይ በሁለቱ ጎን ብቻ ቀጫጭን የቆዳ ቁራጭ ያስለጥፍና ቀሪውን በገመዱ ይሸፍናል። ተጠምጥሞ ለሚያየው ልዩነቱ አይታወቅም፤ ባለቤቱ ግን ያውቃል።

ይህን ሁሉ እጀታ የሚያለብስ ቆዳ ከደቡብ ነበር የሚመጣው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) መዲና የነበረችው አዩታያ የአጋዘንና የስቲንግሬይ ቆዳ ወደ ጃፓን በመላክ ታወቀች፤ ጃፓናውያን ነጋዴዎች እዚያው የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። የጃፓን ገዢዎች በ1630ዎቹ አገራቸውን ለውጭ ሰው ሲዘጉ ንግዱ አልቆመም፤ እጅ ብቻ ለወጠ። የኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያና የቻይና መርከቦች በናጋሳኪ በኩል ቆዳውን በሺዎች ማስገባታቸውን ቀጠሉ። ሰይፍ የሚታጠቅ ሕዝብ እስካለ ድረስ ዓሣው ገበያ አላጣም።

አውሮፓ ውስጥ ታሪኩ በሌላ ቆዳ ይጀምራል። ሻግሪን የሚለው ቃል የመጣው «ሳግሪ» ከሚለው የቱርክ ቃል ሲሆን ትርጉሙ የፈረስ ወይም የአህያ ዳሌ ነው። የፋርስና የቱርክ ቆዳ ፋቂዎች እርጥቡን የዳሌ ቆዳ ዘርግተው የዱር ተክል ፍሬ ይበትኑበታል፤ ፍሬውን ረግጠው ወደ ውስጥ ያሰምጡታል። ሲደርቅ ፍሬውን አራግፈው ላዩን ይልጉትና ውኃ ያጠጡታል። ያኔ ፍሬው የረገጠው ቦታ ያብጥና ቆዳው በሙሉ ሽፍ ያለ ይሆናል። በመዳብ ጨው አረንጓዴ ይቀልሙታል። አስተዋይ ዘዴ ነው፤ በሰው እጅ ዶቃ ማብቀል። ኋላ ባለ ዶቃው የባሕር ቆዳ ሲመጣ የፈረሱን ስም ወረሰ፤ አረንጓዴውንም ቀለም አብሮ ወረሰ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ሻግሪን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ዓሣውን እንጂ አህያውን አይደለም።

ፈረንሳዮች ግን የአንድ ሰው ስም አወጡለት። ዣን ክሎድ ጋሉሻ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ አፎትና ሣጥን እየለበጠ የሚኖር የእጅ ባለ ሙያ ነበር። በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ዘመን የጢም መላጫ ማኅደሩ፣ የመነጽር ቤቱ፣ የሽቶ ጠርሙስ ሣጥኑ ሁሉ በዚህ ቆዳ መለበጥ ፋሽን ሆነ፤ የንጉሡ ወዳጅ ማዳም ደ ፖምፓዱር ከደንበኞቹ አንዷ እንደነበሩ ይነገራል። ሥራው እንዲህ ነው፦ የሚቧጥጠው ደረቅ ቆዳ በውኃ ይርሳል፤ ከዚያ ዶቃዎቹ ጫፋቸው ተፍቆ አናታቸው ልሙጥ እስኪሆን ይሞረዳል። ቀለሙን የሚጠጣው በዶቃዎቹ መካከል ያለው ቆዳ ብቻ ነው፤ ዶቃዎቹ እንደ ጥርስ ጠንካራ ስለሆኑ ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ። በአረንጓዴ መስክ ላይ ነጭ ክብ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ጋሉሻ በ1774 ሞተ፤ ስሙ ከፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ገብቶ እስከ ዛሬ የቆዳው መጠሪያ ነው።

ሣጥኑን በእጃቸው የያዙት ሰዎች ግን የማን ጀርባ እንደያዙ በትክክል አያውቁም ነበር። መልሱ ያን ጊዜ ቀይ ባሕር ዳር ተጽፎ ነበር፤ የጻፈው ሰው ግን በሕይወት አልነበረም።

ፔተር ፎርስኮል በ1732 ሄልሲንኪ ተወልዶ በስዊድን የካርል ሊኔየስ ተማሪ ሆኖ የተማረ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ግትር ነበር። በ1759 ስለ ዜጎች ነጻነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመና መንግሥት አገዳት፤ በዚያ ወቅት የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ የነበረው መምህሩ ሊኔየስ ቅጂዎቹን እንዲሰበስብ ታዘዘ። በኋላ ሊኔየስ አንዲት ልብስ ላይ ከተጣበቀች የማትላቀቅ ተክል በዚህ ተማሪው ስም ሰየማት። ሙገሳም ሽሙጥም ሊሆን ይችላል።

በጥር 1761 የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬድሪክ 5ኛ ወደ ዓረቢያ የላኩት ስድስት ሰዎች ያሉት የምርምር ቡድን ከኮፐንሃገን ተነሣ። ፎርስኮል የእንስሳቱና የዕፅዋቱ ኃላፊ ነበር። በ1762 መገባደጃ ከስዊዝ በመርከብ ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ጅዳ ቆዩ፤ ከዚያ የየመን ወደብ ሉሐያ ገቡ። የሉሐያ ገዢ አሚር ፈርሐን አፍሪካ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ዓረቢያ የተሸጠ፣ ኋላ ለሹመት የበቃ ጥቁር ሰው ነበር፤ እንግዶቹን በደስታ ተቀበላቸው። ፎርስኮል ማይክሮስኮፑን አውጥቶ ቅማል አጉልቶ ባሳየ ጊዜ፣ ከተሰበሰቡት አንዱ በአገሩ ይህን የሚያክል ቅማል አይቶ እንደማያውቅ፣ ይህ የአውሮፓ ቅማል መሆን እንዳለበት ተናገረ።

ፎርስኮል ዓረብኛ ተምሮ ነበር፤ ልማዱም ከሌሎቹ ይለያል። አዲስ ዓሣ ወይም ተክል ሲያገኝ ከላቲን መዝገበ ቃላት ስም ከመፈልሰፍ ይልቅ ዓሣ አጥማጁን ወይም ገበሬውን ምን ብለህ ትጠራዋለህ ብሎ መጠየቅ ይቀናዋል። የኢትዮጵያ አንባቢ በቅርብ የሚያውቀው ምሳሌ አለ፦ ጫት በሳይንስ ስሙ «ካታ» የሚባለው እርሱ በየመን ቃት ሲባል ሰምቶ ስለጻፈው ነው። ለዓሣዎቹም እንዲሁ አደረገ። ባለ ዶቃውን ስቲንግሬይ ሴፌን ያለው ከዓረቦቹ «ሰፈን» ሰምቶ ነው። የቆዩ የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ ሰፈን የሚለውን በሰይፍ እጀታ ላይ የሚለበጥ ሸካራ ቆዳ ብለው ይፈቱታል። ስሙ ብቻውን ንግዱን ይተርካል፤ በቀይ ባሕር ዳር ያለው ሰው ዓሣውን የሚጠራው ሞቶ በሚሆነው ነገር ነበር።

ዓሣዎቹን ለማቆየት ፎርስኮል የዕፅዋት ሰው ዘዴ ተጠቀመ። ዓሣውን በቁመቱ ሰንጥቆ የአንዱን ጎን ቆዳ ይገፍፋል፤ እንደ ቅጠል አድርቆና ተጭኖ በወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ወደ መቶ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ደረቅ ዓሣዎች ኮፐንሃገን ውስጥ እስከ ዛሬ አሉ። ሌሎቹን በአልኮል በርሜል አስቀመጣቸው፤ እነርሱ ዕድል አልነበራቸውም። የሞካ ጉምሩክ ሠራተኞች በ1763 በርሜሉን ሲከፍቱ ሽታው ቤቱን ሞላው። በሌላ ማሰሮ ደግሞ እባብ አገኙ። ፈረንጆቹ ሕዝቡን ሊመርዙ ነው የመጡት የሚል ጥርጣሬ ተነሣ፤ ነገሩ እስኪበርድ ብዙ አስጨነቃቸው።

ከዚያ በኋላ ሞት ተከታተለ። የቋንቋ ሊቁ ፎን ሃቨን በግንቦት ሞካ ላይ አረፈ። ፎርስኮል በሐምሌ ወደ ሰንዓ በሚወስደው መንገድ ያሪም በምትባል ከተማ በወባ ሞተ፤ ዕድሜው 31 ነበር። ሠዓሊው ባውረንፋይንድና አገልጋዩ በርግሬን ወደ ቦምቤይ ሲጓዙ ባሕር ላይ አለፉ፤ ሐኪሙ ክራመር ቦምቤይ ከደረሰ በኋላ። ከስድስቱ የተመለሰው ቀያሹ ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። የጓደኛውን ወረቀቶች አሰባስቦ በ1775 በላቲን አሳተማቸው። ሴፌንም፣ ባለ ሰማያዊ ነጠብጣቡ ሊማም፣ ለአውሮፓ ሳይንስ የተወለዱት በዚያ መጽሐፍ ነው፤ ጋሉሻ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ።

የፓሪሱን ሣጥን ከቀይ ባሕሩ ዓሣ ጋር ያገናኘው ፈረንሳዊው የዓሣ ሊቅ ላሴፔድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ጉልህ ፍሬ ያለው ጋሉሻ የፎርስኮል ሴፌን ጀርባ መሆኑን ጻፈ።

ቀይ ባሕር ከዚያ በኋላም ተመራማሪ መሳቡንም መቅጠፉንም አልተወም። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄምፕሪሽ ከባልደረባው ኤረንበርግ ጋር ዓሣና አእዋፍ ሲሰበስብ ቆይቶ በ1825 ምፅዋ ላይ በንዳድ ሞተ። የአገሩ ልጅ ኤድዋርድ ሩፔል የተሻለ ዕድል ነበረው፤ በ1831 ምፅዋ ደረሰ፣ እስከ ጎንደር ዘለቀ፣ በሰላምም ተመለሰ፤ የቀይ ባሕርን ዓሣዎች የሚዘረዝሩ ትልልቅ ባለ ሥዕል መጻሕፍት ትቶልናል። ሥዕል የግድ ነበር። ዓሣ ከውኃ ሲወጣ ቀለሙ ይከዳዋል፤ አልኮል የቀረውን ይወስዳል። ዶቃው ሺህ ዓመት ይቆያል፤ ሰማያዊው ነጠብጣብ ግን ሙዚየም አይደርስም።

ንግዱ ሁለት ጊዜ ወድቋል። በፈረንሳይ ከአብዮቱ በኋላ የቤተ መንግሥት ዕቃ አብሮ ከፋሽን ወጣ። በጃፓን ደግሞ በ1876 የወጣ አዋጅ ሰይፍ በአደባባይ መታጠቅን ከለከለ፤ እጀታ ለባሾቹ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ። በፓሪስ መልሶ ያነሣው የዘመናዊ ጌጥ ትውልድ ነው። ፖል ኢሪብ በ1912 ለፋሽን ነዳፊው ዣክ ዱሴ አረንጓዴ ጋሉሻ የለበሰ ሣጥን ሠራ፤ ግሩ በ1925 ተከተለ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ዣን ሚሼል ፍራንክ ጠረጴዛና ሣጥን እየለበጠ ሀብታሞችን አስደሰተ። ዛሬ ታይላንድ ውስጥ የኪስ ቦርሳ ይሠራበታል፤ መሐል ላይ ያሉትን ነጫጭ «ወላጆች» ሠሪው እንደ ጌጥ ሆን ብሎ ይተዋቸዋል። የሳሙራይ ምርጫ በቦርሳ ላይ መምጣቱ ነው።

ሊማን ግን ማንም ቦርሳ አላደረገውም። የሰማያዊው ምስጢር ራሱ ገና በቅርቡ ነው የተፈታው። በ2024 የሆንግ ኮንግ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ነጠብጣቡ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የሚባል ነገር እንደሌለ አሳዩ። ያለው ጉዋኒን የተባለ ንጥረ ነገር ደቃቅ ክሪስታሎችን የያዙ በጣም ጥቃቅን ክቦች ናቸው፤ ብርሃኑን በትነው ሰማያዊውን ብቻ ወደ ዓይን ይመልሳሉ። ከኋላቸው ያለው ጥቁር ሜላኒን የቀረውን ብርሃን ውጦ ያስቀራል። በብዙ እንስሳት ላይ እንዲህ ያለው ሰማያዊ የሚታይበት ማዕዘን ሲለወጥ ይለዋወጣል፤ የሊማ ግን ከየትም ቢያዩት ያው ነው። ሰማያዊ የሚያስመስሉት ክቦቹ እንጂ ቀለም ስላልሆነ፣ የክቦቹ አደረጃጀት ሲፈርስ ሰማያዊውም አብሮ ይሄዳል። ቆዳ ፋቂ ቢፈልገው እንኳ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

በምፅዋና በዳህላክ ዙሪያ ባለው ጥልቀት በሌለው ውኃ ማዕበሉ ሲሞላ ሊማዎች ከሞላው ውኃ ጋር ወደ አሸዋው ይወጣሉ፤ ትልና ሸርጣን ፍለጋ አፋቸውን አሸዋ ውስጥ ይደፋሉ። ውኃው ሲሸሽ ወደ ኮራሉ ተመልሰው ከቋጥኙ ሥር ይገባሉ። መደበቂያቸው ብዙ ጊዜ ለመላ አካላቸው አይበቃም፤ ጠላቂ ሲያልፍ የሚታየው ከጥላው ወጥቶ የቀረው ጅራት ነው፣ ግራና ቀኙን ሁለት ሰማያዊ መስመር ይዞ።